ስሙ ያልተጻፈ ክኒን

ባለፈው ዓመት በሥራ ምክንያት ናይሮቢ በሄድንበት ወቅት ለጥቂት ሳምንታት የተቀመጥነው ዌስትላንድስ በሚባለው ሠፈር ነበር። ዌስትላንድስ ከከተማው መኻል በስተሰሜን ምዕራብ፣ በዋያኪ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ባንኮች፣ ሆቴሎችና ረጃጅም ሕንፃዎች የበዙበት፣ የማታቱ ረዳቶች «ዌስቲ! ዌስቲ!» እያሉ ተሳፋሪ የሚጠሩበት ሠፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሠፈር የነበረ በመሆኑ፣ ኑሮውን ኢስሊ ያደረገው ወገናችን እንኳ የዌስትላንድስን መንገድ በሚገባ ያውቀዋል። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ግን ስለ ሠፈሩ ለማውራት ሳይሆን፣ እዚያው በአንድ መድኃኒት ቤት ስለ ገጠመንና ካገራችን ከተመለስን በኋላም ከሐሳባችን ስላልወጣ ነገር ለመጻፍ ነው።

የራስ ምታት ክኒን ለመግዛት ገብተን ተራችንን ስንጠብቅ፣ ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት ከፊታችን ቆመው ነበር። ከቦርሳቸው አንዲት ትንሽ የወረቀት ፖስታ አውጥተው ለመድኃኒት ሻጩ ሰጡት። ሻጩ ፖስታዋን አገላብጦ አየና በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም ጠየቃቸው፤ እሳቸው በአማርኛ መለሱለት። ወዲያው ዞር ብለው «ልጄ፣ ያገሬ ልጅ ነህ መሰለኝ፤ ይህንኑ ስጠኝ በልልኝ» አሉን። በፖስታዋ ላይ በእስክሪብቶ «1×2» ተብሎ ከመጻፉ በስተቀር ሌላ ምልክት አልነበረባትም። ምን መድኃኒት እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣ ከኋላችን ሌሎች ሐበሾች መቆማቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የልጄ ነው፤ የጭንቅላት ነው በለው» አሉ። ስሙንስ? «ስሙንማ ማን ነግሮኝ! ጧትና ማታ አንዳንድ ነው ያሉኝ።»

በፖስታዋ ውስጥ የቀሩት ክኒኖች ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ክብ፣ አንደኛው ብቻ በመጠኑ ተለቅ ያለ። እናቲቱ እንደ ነገሩን ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት እንዳያልቅባቸው ሠግተው፣ ደግሞም «ትልቁ እያስተኛ ልጄን አፈዘዘብኝ» ብለው፣ ትልቁን በግማሽ እየከፈሉ፣ ትንሹን ግን ሙሉውን ሲሰጡት ከርመዋል። ልጁ ስምንት ወር ሙሉ ደኅና ሆኖ ቆይቶ ከሳምንት ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል፤ ብቻውን ማውራትም ጀምሯል። መድኃኒት ሻጩ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማ በኋላ «ነጭ ክኒን ሺህ ዓይነት ነው፤ በግምት ሰጥቼ ሰው አልገድልም» አለ። በእኛ አስተያየት ትክክል ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው በስልክ ተጠይቃ የሆስፒታሉን ካርድ ከሣጥን ፈልጋ ፎቶግራፉን ላከች። ትልቁ ክኒን ሃሎፔሪዶል ባለ 5 ሚሊግራም፣ ትንሹ ደግሞ በተለምዶ አርቴን የሚባለው ትራይሄክሲፌኒዲል ሆኖ ተገኘ። ዋናው የሕመሙ መድኃኒት ሃሎፔሪዶል ነው፤ አርቴን የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል የሚያስከትለውን የሰውነት መድረቅና መንቀጥቀጥ ለማለዘብ ብቻ ነው። እናቲቱ እንግዲህ መድኃኒቱን ግማሽ፣ የመድኃኒቱን ማርከሻ ሙሉ ሲሰጡ ኖረዋል ማለት ነው። ይህ ጥፋት የእናቲቱ ነው ብለን አናምንም። ፖስታዋ ላይ ሁለት ቃል የሚጽፍ እጅ ቢኖር ኖሮ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ነገሩ ባልተበላሸም ነበር።

ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት እነዚህ መድኃኒቶች ዕድሜያቸው ረጅም አይደለም። ክሎርፕሮማዚን የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት በፓሪስ በሳንታን ሆስፒታል በዶክተር ዠን ደሌና በዶክተር ፒዬር ደኒኬ እጅ ለሕመምተኞች መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ሃሎፔሪዶል ደግሞ በ1958 ቤልጂግ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በፊት የነበረው ሰንሰለት፣ የቀዝቃዛ ውኃ መታጠቢያና የተዘጋ በር መሆኑን ስናስብ የለውጡን ትልቅነት መገመት አያዳግትም። በአገራችንም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በዚያው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስፔሺያሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው። ሐኪሙ ዘግይቶ የመጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ መድኃኒቱን በየቤቱ የሚያድለው ሐኪም ሳይሆን እናት፣ እኅት ወይም ሚስት ሆና መገኘቷ የማይቀር ነበር። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህች አዳይ ምን ተነግሯታል? የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስሙንና መጠኑን ልታውቅ ይገባል። «ጧትና ማታ አንድ ፍሬ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ሃሎፔሪዶል ባለ 1.5 ሚሊግራምም ባለ 5 ሚሊግራምም ክኒን አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ክሎርፕሮማዚን ባለ 25 እና ባለ 100 ሆኖ ይሸጣል፤ ይህኛው አራት እጥፍ ነው። ከዚህም ሌላ አንዱ መድኃኒት በሁለት ስም ሊጠራ ይችላል፤ ክሎርፕሮማዚንን ላርጋክቲል የሚለው አለ፣ ሃሎፔሪዶልን ሴሬኔስ ወይም ሃልዶል የሚለው አለ። ከአንዱ ክሊኒክ በአንዱ ስም፣ ከሌላው በሌላው ስም ተቀብሎ ሁለቱንም የሚውጥ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ይወስዳል። አገር በተለወጠ ቁጥር ደግሞ የክኒኑ መልክና የፋብሪካው ስም ይለወጣል። የማይለወጠው መድኃኒቱ ራሱ የሚጠራበት ስም ነው። ድንበር የሚሻገር ሰው ፓስፖርቱን እንደሚይዝ ይህንንም ስም መያዝ አለበት የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ በእኛ አገር ከባድ ስሕተት የሚፈጸምበት ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት መድኃኒቶች በተጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ሊቀር፣ ዓይን ወደ ላይ ሊገለበጥ፣ ምላስ ሊተሳሰር ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ ክፉ መንፈስ ያዘው፣ ቡዳ በላው ቢል አይፈረድበትም፤ ነገሩ ያስፈራልና። ነገር ግን ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ጤና ጣቢያ ቢደርስ በአንድ መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ደግሞ መቀመጥ አቅቶት እግሩን እያነሣ ሲጥል፣ ከበር እስከ መስኮት ሲመላለስ ይውላል። ቤተሰቡ ሕመሙ ባሰበት ብሎ መጠኑን ይጨምርበታል፤ በጨመሩለት ቁጥር መቁነጥነጡ ይብሳል። ሐኪም ቢጠየቅ ምናልባት የሚቀንስለት ነበር።

አልፎ አልፎ የሚደርስ፣ ግን ጊዜ የማይሰጥ ሌላ ነገር አለ። ኃይለኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ የሚንቆረቆር ላብና የተደናገረ አእምሮ በአንድነት ከታዩ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ይገባል። ወባና ተስቦ በሚያጠቃው አገራችን ይህን «ወባ ነው» ብሎ አንድ ሌሊት ማሳደር ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ወደ ሐኪሙ የሚሄደው ሰው ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ስም መናገር ካልቻለ ሐኪሙም ቢሆን ወባን ከመመርመር የተለየ ምን ሊያደርግ ይችላል? ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ የደም ምርመራውን ሊያስታጉል አይገባውም፤ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎችን ሊያጠፋ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1975 በፊንላንድ በደረሰው ሞት ታውቋል። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ቁስል ከታየበት ሳይውል ሳያድር ደሙን ያስመርምር። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ገበሬም ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ስለሚቃጠል ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚነግረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሕመምተኛው ሲሻለው መድኃኒቱን መተዉ በየቤቱ የተለመደ ነው። ደኅና የሆነው በመድኃኒቱ መሆኑ ይዘነጋና፣ ደኅና ስለሆንኩ መድኃኒት አያሻኝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኞች ሕመሙ ያገረሸባቸው ከመቶ 27 ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ ተቋርጦ ፍሬ ነገር የሌለው ክኒን ከተሰጣቸው ግን ከመቶ 64 ነበሩ። በርግጥ ከዚሁ አኃዝ እንደሚታየው ሳይወስዱም ደኅና የሰነበቱ አሉ፤ የትኛው ሰው ከእነዚህ መካከል እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ግን የለም። ስለዚህ መቀነስም ሆነ ማቆም ሐኪም እያየው፣ ቀስ በቀስ የሚደረግ ነው። የተረሳን መጠን በማግስቱ ደርቦ መዋጥም አይገባም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም በድንጋጤ በራሷ ከማቋረጧ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

ሰው መድኃኒቱን የሚተወው በስንፍና ወይም በግትርነት ብቻ ነው የሚሉ ወገኖች ግን የቡታጅራን ነገር ቢያነቡ መልካም ነው። በቡታጅራና በአካባቢው እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ በከባድ የአእምሮ ሕመም ከተያዙት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። ሕክምናው ከደረሰላቸው በኋላ መድኃኒቱን ስለ ምን እንደሚያቋርጡ በተጠየቁ ጊዜ ከሰጡት ምክንያት አንዱ ረኀብ ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ በቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላ የለም። በባዶ ሆድ ክኒን ውጦ ሌሊቱን በረኀብ ከመሰቃየት ክኒኑን መተው ቀለላቸው። ይህ በ2013 ታትሞ ወጥቷል። «መድኃኒትህን በሚገባ ውሰድ» የሚለው ምክር ያለ እንጀራ ባዶ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘንም። እነዚሁ ሕመምተኞች መድኃኒቱ የሚያመጣባቸውን ድካም ለመቋቋም ጫት እንደሚቅሙም ተናግረዋል። ጫት ደግሞ ሕመሙን ያስነሣል። ናይሮቢም ከሜሩ የሚመጣው ሚራ በየጎዳናው ይሸጣልና፣ የዚያ አገር ነዋሪ የሆነው ወገናችን ከዚህ ፈተና የራቀ አይደለም።

ጸበልን በሚመለከት ብዙ መከራከር አንፈልግም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው እንደ ነበር ይታወሳል። ለአንዱ ሕመም የተፈቀደው ለሌላው የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም። በጾም ወራትም ሆነ በረመዳን የመውሰጃውን ሰዓት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ይቻላል፤ ሰዓት ማዛወርና መተው አንድ አይደሉም።

የመድኃኒቱ ስም በፖስታው ላይ በፊደላችን ይጻፍ ስንል የሚቃወሙን አይጠፉም። ስሙ ከታወቀ ሰው ያለ ሐኪም ራሱ እየገዛ ይውጣል የሚሉ አሉ። ያለ ስሙም ፖስታ ይዞ እየዞረ እየገዛ መሆኑን በዓይናችን ስላየን ይህ አያሳምነንም። ጎረቤት አንብቦ ያማል የሚሉም አሉ። ይህኛው የበለጠ እውነት አለው። አዲስ አበባ ላይ «አማኑኤል ገባ»፣ ናይሮቢ ላይ «ማታሪ ሄደ» ማለት ስድብ ሆኖ መኖሩን እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው የማታሪ ሆስፒታል ስም ከመቶ ዓመት በኋላም ከስድብነት አልወጣም። ይሁን እንጂ እናቲቱን ያሳፈራት የመድኃኒቱ ስም አልነበረም፤ ስሙንማ አታውቀውም። ያሳፈራት እኛው፣ ከኋላዋ የቆምነው ነን። ፖስታው ላይ የሕመሙን ስም ጻፉ አላልንም። ሃሎፔሪዶል የሚለውን ቃል ያነበበ ጎረቤት ምን ያውቃል?

መድኃኒት ሻጩ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሸጥም ብሎ፣ ግን ልጁን ዛሬውኑ የሚያይ ሐኪም ያለበትን ክሊኒክ አድራሻ ጽፎ ሰጣቸው። እናቲቱም «ልጄ፣ የኔንም በኛ ፊደል ጻፍልኝ» አሉን። ከክኒን ካርቶን በተቀደደ ቁራጭ ላይ «ትልቁ፦ ሃሎፔሪዶል፣ ባለ 5 ሚሊግራም፣ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ። ትንሹ፦ አርቴን» ብለን ጻፍንላቸው። ሁለት ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ በዚህ ጊዜ ማን ከኋላ እንደ ቆመ ዞር ብለው አላዩም። ቁራጯን ከመታወቂያ ወረቀታቸው ጋር አጣጥፈው ከቦርሳቸው ከተቱና ልጁን ለማምጣት ወደ ማታቱው መቆሚያ ሄዱ።