አጭር ሞገዱ ለምን ይሄድና ይመጣ ነበር?

ለዛሬ ወደ ሰማይ እንውጣ። በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዜና ያዳመጠ ሰው ያስታውሰዋል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣና ዋናው ወሬ ላይ ሲደርስ ይርቃል። አንቴናውን ብናዞር፣ ሬዲዮውን መስኮት ላይ ብናስቀምጥ አይመለስም፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይመጣል። «መንግሥት አፈነው» እንል ነበር። እውነትም የታፈነበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ሰማዩም የራሱ ጥፋት ነበረበት።

አጭር ሞገድ ባሕር ተሻግሮ የሚደርሰው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው፣ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ካሳደረችበት የአየር ንጣፍ እየነጠረ ነው። ይህ ንጣፍ እንደ ጣና ውኃ ይናወጣል። ከሚያናውጡት አንዱ የስበት ሞገድ ይባላል። (እዚሁ ስቴታችን ሃንፎርድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የተያዘው የአንስታይን ሞገድ ሌላ ነው፤ ስሙ ብቻ ይመሳሰላል።)

የእኛኛውን ምልክቱን በዓይን እናያለን። ነፋስ ሬኒየር ተራራን ሲገጥም አየሩ ሽቅብ ይገፋል፤ ስበት ቁልቁል ይመልሰዋል፤ እንደገና ይነሳል። ተራራው አናት ላይ እንደ ባርኔጣ የሚቀመጠው ደመና ከዚያ የመጣ ነው። ወደ ላይ የዘለቀ ሞገድ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ እሱ ያብጣል፤ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስም እንደ ባሕር ማዕበል ይሰበራል።

እዚያ ፊኛ አይደርስም፤ ለሳተላይት ደግሞ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በራዳር ይለካል። ተወርዋሪ ኮከብ ተቃጥሎ የሚተወውን ጭራ ነፋስ ይወስደዋል፤ ራዳሩ ከጭራው በሚመለሰው ማሚቶ የነፋሱን ፍጥነት ያወጣል። ፍጥነቱ ከፍና ዝቅ ሲል ሞገዱ ይታወቃል።

ችግሩ ራዳር ውድ መሆኑ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጆን ሳርና ተማሪያቸው ፍራንክ ሊንድ በ1990ዎቹ አንድ ብልሃት ሠሩ፦ ራሳቸው ምንም ሳያሰራጩ የሲያትልን ኤፍ ኤም ጣቢያ ተጠቀሙ። አንድ መቀበያ እዚሁ ከተማ፣ ሌላውን ከካስኬድ ተራሮች ማዶ፣ ኤለንስበርግ አጠገብ ማናስታሽ ሪጅ ላይ አኖሩ። ተራሮቹ በቀጥታ የሚመጣውን ስርጭት ስለሚጋርዱ፣ እዚያ ከሰማይ የተመለሰው ደካማ ማሚቶ ይለያል። ሁለቱን በኮምፒውተር ሲያስተያዩ አውሮፕላን፣ ተወርዋሪ ኮከብ፣ እንዲሁም ከሰሜን ብርሃን ጋር የሚመጣው ነውጥ ታየ፤ ዋናው ዓላማቸውም ይኸው ነውጥ ነበር። ታክሲ ውስጥ የከፈትነው ዘፈን ለካ ራዳር ሆኖ ያገለግል ኖሯል!

ይህን ያነሳሁት አገር ቤትን አስቤ ነው። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በላዩም ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መግነጢሱን ይለካል። የዚያ ንጣፍ ነውጥ ሬዲዮን ብቻ ሳይሆን ጂ ፒ ኤስንም ያሳስታል። ኤፍ ኤም ጣቢያ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም አለ። የሚጋርድ ተራራ ደግሞ አይቸግረን።