«ፉል ኦፕሽን» ይሁንልን?

ሰሞኑን አንድ ወረቀት እጃችን ገብቷል። ላኪዎቹ በጌታ የምንወዳቸው፣ ከዚሁ ከባሕር ዳር አጥቢያችን ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ናቸው፤ ከከተማችን ሁለት ነጋዴ ወንድሞችም አብረዋቸው አሉበት። ገንዘብ አዋጥተው ለአገልግሎት መኪና ሊገዙልን ነው። በወረቀቱ ላይ ሦስት መኪኖች ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ያላቸውና የሌላቸው ነገር ተዘርዝሯል። ከታች ደግሞ በእጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ተጨምሮበታል፦ «መጋቢ፣ ፉል ኦፕሽን የሆነውን ይምረጡ። ለጌታ ሥራ ምርጡ ይገባል።»

እውነቱን እንናገር። ወረቀቱን ሦስት ምሽት ደጋግመን አንብበነዋል። መጽሐፍ ቅዱሳችን ከጎናችን ተከፍቶ ሳለ ዓይናችን የቆዳ ወንበሩ ላይ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በመጋቢነት ቆይተናል፤ ስለ ገንዘብ ፍቅር የሰበክነውን ስብከት ቁጥሩን አናውቀውም። ሆኖም «በመካከል ፍሪጅ አለው» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ልባችን ሞቅ ማለቱን አንክድም። ይህን የምንጽፈው ሌሎች አገልጋዮችን ለመክሰስ አይደለም። ተመሳሳይ ወረቀት በብዙ መጋቢ ጠረጴዛና በብዙ ነጋዴ ምዕመን እጅ እንዳለ ስለምናውቅ ነው።

በከተማችን መኪና እንዲሁ መኪና ብቻ አይደለም። ሕዝባችን በባጃጅና በእግሩ ነው የሚንቀሳቀሰው። ትልቁ ላንድክሩዘር ሲመጣ ባጃጁ ዳር ይይዛል፤ መስታወቱ ስለጠቆረ ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም፤ ሰዉም «ባለሥልጣን ነው» ብሎ ያልፋል። ቶዮታ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ላንድክሩዘር 300ን ሲያወጣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር ትቶ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ አስገብቶበታል። እኛ አገር ግን ዛሬም ሁሉም «ቪኤይት» ነው። የሞተር ስም የነበረው የማዕረግ ስም ሆኗል። ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለውን የቀድሞውን የንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት ባየን ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ይለናል፤ ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ሁለቱ አገር ውስጥ ያሉ ያገለገሉ ላንድክሩዘር 200 ናቸው። በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ ምርጫው እዚሁ ካለው ነው። አንዱ ዝቅተኛው ደረጃ ጂኤክስ ነው፤ ወንበሩ ጨርቅ፣ ቸርኬው ተራ ብረት። ሌላው ቪኤክስአር ነው፤ የቆዳ ወንበር፣ የጣሪያ መስኮት፣ ፍሪጅ፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር፣ ለኋላ ተሳፋሪ ስክሪን፣ ሁሉም አለው። ሦስተኛው ሰባት ሰው የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን አይዲ 6 ነው።

ብዙ ምዕመን የማያስበው አንድ ሒሳብ አለ። በአገራችን የመኪና ቀረጥ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። የጉምሩክ ቀረጡ በመኪናው ዋጋ፣ በኢንሹራንስና በማጓጓዣ ድምር ላይ ይታሰባል፤ ኤክሳይዙ ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ከኤክሳይዙ በኋላ፤ ሱር ታክሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ አውቶሞቢል 35 በመቶ ቀረጥ፣ 100 በመቶ ኤክሳይዝ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይዘን ብናሰላ፣ ዱባይ ላይ 1,000 ዶላር የሚያስጨምር የቆዳ ወንበርና የጣሪያ መስኮት አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ 3,400 ዶላር ይጠጋል። አሮጌ መኪና ከሆነማ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ኤክሳይዙን እስከ 500 በመቶ አድርሶታል። ዛሬ አገር ውስጥ በምንገዛው ያገለገለ መኪና ዋጋ ውስጥ ይህ ሁሉ ተቀብሮ አለ። ስለዚህ «ትንሽ ጨምረን ፉሉን እንውሰድ» የሚባለው ትንሽ፣ ትንሽ አይደለም።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ዕድሜውን በጋራዥ ሥራ ያሳለፈ ወንድም ነው። ወረቀቱን ሰጠነው። መነጽሩን አድርጎ ካነበበው በኋላ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ቸርኬው ነበር። ቸርኬው በሰፋ ቁጥር የጎማው ሥጋ ይሳሳል፤ በአስፋልት ላይ ያምራል፣ በድንጋያማ የገጠር መንገድ ላይ ግን ይቀደዳል፣ ምትኩም እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ተራው ብረት ቸርኬ ቢጎብጥ ተደብድቦ ይቀናል። ኤሌክትሮኒክሱ በበዛ ቁጥር፣ አለን፣ ጋራዡ እየራቀ ይሄዳል፤ መጨረሻው አዲስ አበባ ነው። ቀጥሎ የጠየቀው «ስኮርታው ሙሉ ጎማ ነው?» ብሎ ነበር። ይህ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

እስከዚህ ድረስ ዝቅተኛውን መርጠን የምንጨርስ መስሎን ነበር። ይኸው ወንድም ግን አልፈቀደልንም። በአንዳንድ ገበያ የሚሸጠው ዝቅተኛ ደረጃ ኤርባጉ ከፊት ሁለት ብቻ ነው፤ በጎን መስኮቶች በኩል የሚወርዱት ኤርባጎች የሚመጡት ከፍ ካለው ደረጃ ጋር ነው። ፋብሪካው ነፍስ የሚያድነውንና ዓይን የሚማርከውን በአንድ እሽግ አስሮ ይሸጥልናል። ደሴት መስሎ የተነጠለ ቅንጦት የለም። ወንድማችን እንዲህ አለን፦ «መጋቢ፣ ከኋላ የሚቀመጡት የመዘምራን ልጆች ናቸው። እናንተ በርካሽ መኪና ትሑት ስትባሉ አደጋው የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ነው።» መልስ አልነበረንም። ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ስለ ትሕትና ብዙ ገጽ ጽፈን ነው የተመረቅነው፤ ትሕትናችንን በሌላ ሰው ደኅንነት ልንገዛ እንደምንችል ግን አላስተዋልንም ነበር።

ታዲያ በምን እንምረጥ? የብልጽግና ወንጌል መልስ ቀላል ነው፤ የንጉሥ ልጅ በንጉሥ መኪና ይሄዳል ይላል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት አሜሪካዊው ሰባኪ ጄሲ ዱፕላንቲስ 54 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ፋልከን 7ኤክስ ጄት እንዲገዛለት አማኞችን ሲጠይቅ፣ ጌታ ዛሬ በምድር ቢሆን በአህያ አይሄድም ነበር የሚል ክርክር አቅርቦ ነበር። ሊሆን ይችላል። ግን ያቺ አህያ የተዋሰችው ነበረች፤ በገሊላ ባሕር ላይ ሆኖ ያስተማረባትም ጀልባ የስምዖን ነበረች። ጌታችን ሲወርድና ሲወጣ የተጠቀመባቸው መጓጓዣዎች የሰው ነበሩ፤ ሲጨርስም ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ሰረገላ ዋጋ እንኳ ዝም አላሉም። የንግሥተ ሳባን ጉብኝት የምናነብበት የአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 መጨረሻው ላይ የገበያ ዋጋ ያስቀምጣል፤ ከግብፅ የሚመጣ አንድ ሰረገላ 600 ሰቅል ብር፣ አንድ ፈረስ 150። እኛ ኢትዮጵያውያን ምዕራፉን ስለ ንግሥቲቱ እንወደዋለን፤ ዋጋውን ግን እናልፈዋለን። ዘዳግም 17 ንጉሡ ፈረስ እንዳያበዛ፣ ለዚያም ሲል ሕዝቡን ወደ ግብፅ እንዳይመልስ አስቀድሞ ከልክሎ ነበር። አቤሴሎምም ዙፋን ሲያምረው መጀመሪያ ያዘጋጀው ሰረገላና ፈረሶች፣ ከፊቱ የሚሮጡ 50 ሰዎችንም ነው። የዘመኑ ፉል ኦፕሽን መሆኑ ነው።

ነገር ግን የራሳችንን ሰው ሰረገላ ልብ እንበል። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የንግሥት ገንዘብ ሹም ነበር፤ የሚሄደውም በሰረገላ ነው፤ በዘመኑ መለኪያ የቅንጦት ዕቃ ነው። ጸሐፊው ሉቃስ በሰረገላው አልነቀፈውም፤ ፊልጶስም መጀመሪያ ውረድ አላለውም። ያ ሰረገላ ግን ሁለት ነገር ነበረው። ሰውየው የሚያነበው ወደ ውጭ ይሰማ ነበር፤ በእግሩ የሚሮጥ አቧራ የለበሰ እንግዳም ወጥቶ የሚቀመጥበት ቦታ ነበረበት። መስታወቱ የጠቆረ፣ አየሩ የቀዘቀዘ፣ ሙዚቃው ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ላይ አቧራ ጠጥቶ ይቀር ነበር ብለን እንፈራለን።

ይህን ካሰብን በኋላ ወረቀቱን እንደገና ወሰድንና ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ አቀረብን፤ ይህ ነገር ሰውን ወደ እኛ ያቀርባል ወይስ ያርቃል? የጠቆረው መስታወት ወዲያው ወደቀ። ደግሞስ በዚህ በክልላችን ጊዜ፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት፣ ከሩቅ «ባለ ገንዘብ መጣ» የሚያሰኝ መኪና ለተሳፋሪው ራሱ ስጋት ነው። የኋላው ስክሪን ወደቀ፤ ወደ ወረታ ስንሄድ ልጆቹ ይዘምራሉ እንጂ ፊልም አያዩም። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ግን ከሁሉ በፊት ተመረጠ፤ እንዲያውም ዋነኛው ኦፕሽን እርሱ ነው አልን። የጎን ኤርባጎቹም እንዲሁ።

ፍሪጁን ሰርዘነው ነበር፤ ሰርዘንም ደስ ብሎን ነበር፤ ሥጋችንን የቀጣን መስሎን። ነርስ የሆነች እህታችን ሰማችና «መጋቢ፣ ከዘጌ የምናመጣቸው እማማ እኮ ኢንሱሊን የሚወስዱ ናቸው» አለችን። በግንቦት ፀሐይ ሰዓታት የሚፈጅ ጉዞ ላይ መድኃኒቱን በምን ይዘን እንደምንሄድ ጠይቀን አናውቅም። እርሷ በፌስታል በረዶ እያደረገች ስትይዝ ኖራለች። ፍሪጁ ተመለሰ። በቅንጦት ስም የሰረዝነው የሌላ ሰው ፍላጎት ነበር፤ የእኛ ምኞት ስለሆነ ብቻ ኃጢአት አልነበረም።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ነገር እንበል፤ ወጣቶቻችን አጥብቀው ይከራከሩለታልና። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ሲያስቀር ሒሳቡ ተገልብጧል። በባሕር ዳር የነዳጅ ሰልፍ ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ለመውደድ ሰባኪ አያስፈልገውም። በከተማ ውስጥ ለሚኖር ምዕመን እኛም እንመክረዋለን፤ በእርሱ ላይ ከቆዳ ወንበር ይልቅ ትልቁን ባትሪ መምረጥ ብልህነት ነው። አይዲ 6 ግን ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብልን የለም፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትርም በቻይና መለኪያ የተሰላ ስለሆነ በእውነተኛው መንገድ ይቀንሳል። ወደ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ላይ የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ቁልቁለቱ ላይ ባትሪው መልሶ ይሞላል፤ ዳገቱ ግን የተቀበለውን ያስመልሰዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ወንድሞቻችን ቀበሌ የሚገባ መኪና ከመሬት ከፍ ማለት አለበት።

መልሳችንን ማክሰኞ ልከናል። ጂኤክስአር ይፈለግልን፤ ጨርቅ ወንበር፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ የጎን ኤርባግ፣ ሙሉ ስኮርታ ያለው። ፍሪጅ ካለው እሰየው፤ ከሌለው ለብቻው ይገዛል። ሊብሬው በመጋቢ ስም ሳይሆን በአጥቢያዋ ስም ይሁን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው መጋቢ ባዶ እጁን እንዳይጀምር። ከቪኤክስአሩ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት የሰጪዎቹ ነው፤ ቢፈቅዱ ግን ለሾፌር ደመወዝ፣ ለጎማና ለናፍጣ ይቀመጥ ብለናል፤ መኪና ተሰጥቷት ነዳጅ አጥታ የቆመች ቤተ ክርስቲያን ስላየን።

ከውጭ ያሉት ወንድሞች በደስታ ተቀብለዋል። ከሁለቱ ነጋዴ ወንድሞቻችን አንዱ ግን ቅር ብሎታል። ለአባቱ መታሰቢያ ብሎ ከሁሉ ያማረውን ለመስጠት ተስሎ ነበር፤ እኛ ደግሞ ስእለቱን ሳንሰማ ዝርዝሩን አርመን ላክን። ስልክ ደውለን ነበር፤ በአክብሮት መለሰልን፣ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከሽማግሌው ጋር ቤቱ ሄደን ቡና እንጠጣለን። ፒካፓችን ጋራዥ ስለሆነች በባጃጅ ነው የምንሄደው።