ብቃት በወር አንድ ቀን አይገነባም

ጎዳናዎችን ለተሽከርካሪ ዘግቶ ሕዝብ በጋራ የሚሠራው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ተለምዷል። የማኅበረሰብ ስፖርት ለሐዋሳ መሃል ከተማ ነዋሪም እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በወር አንድ ጊዜ አደባባይ መውጣት በእርግጥ ብቃት ይገነባልን? መልሱ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መሠረታዊ መርሆዎች ውስጥ ይገኛል።

የመጀመሪያው መርህ ድግግሞሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ ማድረግ ይኖርበታል። ይህም በአራት ሳምንት 600 ደቂቃ ነው። በወር አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው የሚያገኘው 120 ደቂቃ፣ ማለትም የሚያስፈልገውን አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። መካከለኛ ጫናን ለመለየት መሣሪያ አያሻም፤ ሰውየው እየተራመደ መነጋገር ይችላል፣ መዝፈን ግን ያቅተዋል።

ሁለተኛው ጫናን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ይህን አርሶ አደሩ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ወይፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠመድ ቀኑን ሙሉ እንዲያርስ አይደረግም፤ አንገቱ ቀንበሩን እስኪለምድ ድረስ ሥራው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርለታል። ለወራት ተቀምጦ ከርሞ በአንድ ማለዳ የታቦርን ተራራ በሩጫ ልውጣ የሚል ሰው በወይፈኑ ላይ የማይፈጽመውን በራሱ ላይ ይፈጽማል።

ሦስተኛው ዕረፍት ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው ከሥራው በኋላ በሚያገኘው እንቅልፍና ምግብ ነው። ዕረፍቱ ወደ መተው ከተለወጠ ግን በብዙ ሳምንታት የተገኘው ጉልበት ይመናመናል።

«የእኛስ ሥራ ስፖርት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ከገጠር ቢነሳ ተገቢ ነው። መመሪያው በሥራ ላይ የሚደረግን እንቅስቃሴም ይቆጥራል። ማሳ የሚቆፍር አርሶ አደርና እንሰት የምትፍቅ እናት ከብዙ ከተሜ የበለጠ ይንቀሳቀሳሉ። ሆኖም አራተኛው መርህ እንደሚለው ሰውነት የሚጎለብተው በሠራበት ልክና በሠራበት ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያጎነበሰ ወገብ መሳሳብና መፍታታት ያስፈልገዋል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ የምትውል ሠራተኛም ትደክማለች፤ ልቧና ሳንባዋ ግን በቂ ልምምድ አላገኙም። ድካም ሁሉ ብቃት አይሆንም።

ጉዳዩ በልጆች ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት የተመከረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ፣ በሳምንት 420 ደቂቃ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ቢያስተምር እንኳ የሚሸፍነው 80 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው የሚሟላው በእግር መንገድ፣ በእረፍት ሰዓትና በሰፈር ሜዳ ነው።

ስለዚህ የወሩ መርሐ ግብር በር ከፋች እንጂ ግብ ሊሆን አይገባም። አስተዳደሮች የልጆችን መጫወቻ ሜዳ ሊጠብቁ፣ ለእግረኛ የሚመች መንገድ ሊያሰናዱ ይገባል። ነዋሪውም በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ 150ው ይሞላል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክር።