አስታማሚውንስ ማን ይጠይቀው?

ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ላውራችሁ።

«አሙር» ይባላል፤ በፈረንሳይኛ «ፍቅር» ማለት ነው። ሚካኤል ሃነከ የሠራው ሲሆን በ2012 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። ዦርዥና አን ፓሪስ የሚኖሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ጡረተኛ የሙዚቃ መምህራን ባልና ሚስት ናቸው።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ አን በድንገት ፈዛ ትቀራለች። ቢጠራትም አትመልስም። ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ታወራለች፤ ሻይ ልትቀዳ ስትል ግን ከስኒው ውጪ ታፈሰዋለች።

እዚህ ላይ እንደ ሐኪም ላቋርጣችሁ። መጥቶ የሚሄድ ምልክትም የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ፣ «አሁን ተሻለኝ» ቢሏችሁም በአስቸኳይ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

አን ቀዶ ሕክምናው አልሰመረላትም፤ ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆነ። ዳግመኛ ሆስፒታል እንዳይወስዳት ባሏን ቃል አስገባችው። እሱም ያጎርሳታል፣ ያጥባታል፣ ደግፎ ያስነሳታል። ልጃቸው ስትጨነቅ ግን ያርቃታል። አንድ ቀን አን ውሃ አልጠጣም ብላ ስትተፋው በጥፊ መታት። ወዲያው ይቅርታ ጠየቃት።

ጥፊው ልክ አይደለም። ግን ፍቅሩ አልቆ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ያለቀው ጉልበቱ ነው። የፊልሙ መጨረሻ እጅግ ከባድ ነው፤ በእኔ እምነት ወደዚያ ያደረሰው ሁሉን ብቻውን መሸከሙ ነው።

በሥራዬ ይህን አይቻለሁ። አንድ አባት ስትሮክ የመታቸውን ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። የእሳቸውን ግፊት ስለካው ከሕመምተኛዋ በልጦ ተገኘ፤ መድኃኒታቸውን ካቋረጡ ወራት አልፏል። «እኔን ተይኝ ልጄ፣ እሷን እይልኝ» አሉኝ።

እያስታመማችሁ ከሆነ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ የራስን መድኃኒት መርሳት፣ ተስፋ መቁረጥ የድካም ምልክቶች ናቸው። ራሳችሁን ወይም የምታስታምሙትን ሰው የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ሳታፍሩ ዛሬውኑ ለሐኪም ንገሩ። ተራ አውጡ፤ ወንድም ሌሊቱን፣ ጎረቤት ከሰዓቱን ይያዝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ጠያቂዎችም፣ «እንዴት አደረች?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «አንተስ ተኛህ? በላህ?» በሉት። ከዚያም «እኔ እቀመጣለሁ፣ አንተ ትንሽ አረፍ በል» በሉት።

ጤና ይብዛላችሁ!