ጥሬ ምስል ሰጥቶ ያለቀለት ፊልም መግዛት

የዳባት ገበሬ ገብሱን በኩንታል ሸጦ፣ ያንኑ ገብስ በጠርሙስ ቢራ መልሶ ሲገዛ ትርፉ መንገድ ላይ ማን እጅ እንደገባ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በቴሌቪዥን ምስል ረገድም አገሪቱ የምትነግደው በዚሁ ዓይነት ነው፤ ጥሬውን ትሰጣለች፣ ያለቀለትን ትገዛለች።

የብሪታንያው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሠራጨው «ፕላኔት ኧርዝ» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮ ለዓለም ታይቷል። ባለ 11 ክፍሉ ፊልም ለበርካታ አገሮች ጣቢያዎች ተሸጧል፣ በዲቪዲም ተቸርችሯል። ከእንዲህ ዓይነት ቀረጻ ለደባርቅና ለአምባራስ የሚተርፈው ግን በአብዛኛው የበቅሎ ኪራይ፣ የአስጎብኚና የስካውት የቀን ክፍያ፣ የአልጋና የምግብ ሒሳብ ነው። ካሜራው ሲሄድ ገቢውም አብሮ ይሄዳል።

«ፊልሙ ነፃ ማስታወቂያ ነው፣ ቱሪስት ያመጣል» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 በተቀሰቀሰው ጦርነት፣ በኋላም በክልሉ በተከተለው ግጭት ሳቢያ ቱሪስቱ ሲመናመን፣ ተራራው የተቀረጸበት ፊልም በውጭ አገር መታየቱን አላቋረጠም። መንገድ ሲዘጋ የማይዘጋው ገቢ ከምስል መብት የሚገኘው ነበር።

ወደ አገር ቤት የሚገባው ሸቀጥ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ከጀመረው ቃና ቴሌቪዥን ባለድርሻዎች አንዱ ዱባይ ያለው ሞቢ ግሩፕ ነበር፤ በሞቢ ውስጥም የሩፐርት መርዶክ ትዌንቲፈርስት ሴንቸሪ ፎክስ በጊዜው ድርሻ ነበረው። ጣቢያው የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ባህል ይበረዛል፣ እንጀራችን ይነካል ሲሉ ተቃወሙ።

በገበያ ዓይን ሲታይ ግን ጉዳዩ የወጪ ነው። የቱርኩ ድራማ የተሠራበትን ገንዘብ በአገሩና በሌሎች ገበያዎች አስቀድሞ ይመልሳል። አዲስ አበባ ሲደርስ የሚጨመርበት የማሳያ ፈቃድና የድምፅ ትርጉም ወጪ ብቻ ነው። የአገር ውስጡ ድራማ የተዋናዩን፣ የካሜራውንና የመብራቱን ሒሳብ በሙሉ ከአንድ ገበያ ማስታወቂያ ማውጣት አለበት። እገዳም ብዙ አይረዳም፤ ተመልካቹ ዲሹን ያዞራል እንጂ ቴሌቪዥኑን አያጠፋም።

ከቃና የሚወሰደው ትምህርት ተመልካቹን የሳበው የኢስታንቡል ቪላ ብቻ ሳይሆን አማርኛው ጭምር መሆኑ ነው። ስለዚህ ቋንቋው ለድርድር የሚቀርብ ዋጋ አለው። የፓርኩን የቀረጻ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከክፍያው ሌላ ሦስት ነገሮችን በውል ቢያስገባ ያዋጣል፦ የአማርኛ ሥርጭት መብት ለአገር ውስጥ ጣቢያዎች፣ ከፊልሙ ሽያጭ ለአካባቢው መቶኛ፣ በቀረጻው ለአገር ባለሙያዎች የሥራ ቦታ። ያኔ ባሕር ዳር ያለው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ጭላዳን ለደባርቅ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ያሳያል።

ነጋዴውም ከዳር ቆሞ ተመልካች አይደለም፤ የማስታወቂያ ሰዓት የሚገዛው እሱ ነው። ከዚያ በጀት ጥቂቱን ለአገር ውስጥ ዘጋቢ ፊልም ስፖንሰርነት ቢያውል፣ ለሸቀጡም ማስታወቂያ ያገኛል፣ ገንዘቡም እዚሁ ገበያ ውስጥ ይዞራል።