አማላጅ የሌለው ተማሪና የቅጥር ፈተና

በየዓመቱ ክረምት ሲቃረብ በግቢያችን አንድ የታወቀ ነገር ይታያል። እስከ ሚያዝያ ድረስ ስለ ሥራ አንሥቶ የማያውቀው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሁሉ በድንገት የማስታወቂያ ሰሌዳ አንባቢ ይሆናል። «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ያየ እንደ ሆነ ፊቱ ይበራል፤ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል፤ ይመዘገባል። የፈተናው ቀን ሲቆረጥ ደግሞ «ያለፈው ዓመት የባንክ ጥያቄ» የተባለውን ጥራዝ ገዝቶ፣ ወይም በቴሌግራም ተቀብሎ፣ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ያነባል። በእኛ ዘንድ ለቅጥር ፈተና መዘጋጀት ማለት ይኸው ሆኖአል።

ጓደኞቼን የምወቅሰው ራሴን አስቀድሜ ነው። ዛሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ግቢው ተመልሼ ይህን እጽፋለሁ እንጂ፣ የመጀመሪያውን በተቀበልሁበት ዓመት አንድ ባንክ ለጀማሪ ሠራተኞች ባወጣው ፈተና ተቀምጬ ነበር። ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤው ነበርና ከጥያቄዎቹ አንዱን ሳይ የማውቀው መስሎኝ ደስ አለኝ። የአንድ ዕቃ ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ እንደገና 20 በመቶ ቢቀንስ ከመጀመሪያው ዋጋ በምን ያህል ይለያል? ይላል። በጥራዙ ውስጥ ቁጥሩ 10 በመቶ፣ መልሱም «በ1 በመቶ ያንሳል» የሚል ነበር። እኔም ሳላመነታ 1 በመቶ የሚለውን መረጥሁ።

ከአዳራሹ ወጥቼ በመንገድ ስሄድ ነገሩን አሰብሁት። 100 ብር የነበረው ዕቃ 120 ይሆናል፤ ቅናሹ የሚታሰበው ከ120ው ላይ ስለ ሆነ 24 ብር ይወርዳል፤ የሚቀረው 96 ነው፤ ልዩነቱም 4 በመቶ። ይህ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ዲግሪ ይዤ የተሳሳትሁት ጥያቄው ከብዶኝ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ያሰበውን መልስ ተሸክሜ ስለ ሄድሁ ነው። ባንኩም አልጠራኝም፤ አልፈርድበትም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ግን «ፈተናው ራሱ ከንቱ ነው፤ አራት ዓመት የተማርነውን አንድ ሰዓት ሊመዝነው አይችልም፤ በነጥባችን ይቅጠሩን» ይላሉ። ቅሬታቸው እውነት አለበት። ነገር ግን ፈተናው ቢቀር በቦታው የሚተካው ማን እንደ ሆነ አስበዋልን? ዩኒቨርሲቲው በበዛበት፣ የነጥብ አሰጣጡም ከግቢ ግቢ በሚለያይበት አገር፣ ቀጣሪው በነጥብ ብቻ መለየት ሲያቅተው የማንን ቃል ይሰማል? የአጎትን፣ የአገር ልጅን፣ ከላይ የተደወለን ስልክ አይደለምን? «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው ተረት የቅጥር ደንብ ሲሆን የገበሬውና የጠላ ሻጯ ልጅ ወዴት ይሄዳል?

የውድድር ፈተና የቆመው ይህን ለመከላከል ነው። ቻይናውያን ከ1,000 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሹሞቻቸውን በጽሑፍ ፈተና ሲመርጡ ኖረው ሥርዓቱን የተዉት በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ አገርም ኖርዝኮትና ትሬቬልያን በ1854 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሪፖርት፣ የመንግሥት ሥራ በትውውቅ መሰጠቱ ቀርቶ በግልጽ ውድድር እንዲሆን መክረዋል።

ይሁን እንጂ ፈተና መኖሩ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። እንግሊዞች ሕንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን ለሕንድ ከፍተኛ የመንግሥት ሥራ የሚደረገው የውድድር ፈተና ከ1855 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ለሕንዶችም ክፍት ነበር፤ ነገር ግን ይሰጥ የነበረው በለንደን ነበር። ሳትየንድራናት ታጎር የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆኖ ያለፈው በ1863 እ.ኤ.አ. ነው። ፈተናው በሕንድ ምድርም መሰጠት የጀመረው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። በወረቀት ላይ የተከፈተው በር በመንገድ ርቀት ተዘግቶ ኖረ ማለት ነው። ይህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

በአገራችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ተማሪ ጥቂት ስለ ነበር ሥራው ራሱ ተማሪውን ይፈልገው ነበር። የእኛ ዘመን ሌላ ነው። የመውጫ ፈተና ለሁሉም የትምህርት ክፍል በተዘረጋበት በ2015 ዓ.ም. 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው 61,054 አለፉ። ያለፈውም ቢሆን ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ለጥቂት የባንክ ወይም የመሥሪያ ቤት ቦታ እንደገና ይፈተናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ዝግጅቱን ከማስታወቂያው በፊት እንጀምር፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን። የቅጥር ፈተና ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት፣ መቶኛ፣ ወለድ፣ የቁጥር ድርድር፣ ነገርን ከነገር አያይዞ መፍረድ። እነዚህ በሦስት ሌሊት አይገኙም፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢሰጣቸው ግን በአንድ የትምህርት ዓመት ይገኛሉ። አሮጌውን ጥያቄ ጣሉት አልልም፤ መልሱ ተሸፍኖ፣ ሰዓት ተይዞ ይሠራበት፤ የተሳሳትነውንም ለምን እንደ ተሳሳትን እንጻፍ። 2፣ 6፣ 12፣ 20፣ 30 ተብሎ ቀጣዩ ሲጠየቅ 42 ብሎ የሸመደደ ሰው ያንን አንዱን ብቻ ያውቃል። ልዩነታቸው 4፣ 6፣ 8፣ 10 እያለ ማደጉን ያስተዋለ ግን ቁጥሩ ቢለዋወጥበትም አይደነግጥም።

ሁለተኛ፣ አብረን እንዘጋጅ። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ወለዱን፣ የምሕንድስናው ስሌቱን፣ የቋንቋው ንባቡን ቢያስረዳን ጥራዝ ሻጭ ገበያው ይቀዘቅዝበታል። ጓደኛዬ ተወዳዳሪዬ ነው ብሎ ደብተሩን የሚሸፍን አለ። ወንድሜ፣ ተፈታኙ በሺህ ይቆጠራል፤ ከጎንህ ካለው ከአንዱ ብትደብቅ ስንቱን ትቀድማለህ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የተማሪዎች ኅብረታችን ከአስተዳደሩ ጠይቆ በሳምንት ሁለት ማታ አንድ ክፍል ቢያስከፍትልን፣ ከጠመኔ በቀር ሌላ ወጪ የለበትም።

ሦስተኛውን ስናገር የሚቀየመኝ አይጠፋም። በፈተናው ዋዜማ «መልሱ ወጥቶአል» ሲባል ገንዘብ አዋጥቶ የሚገዛ በመካከላችን አለ። ያው ሰው በማግሥቱ በካፌ ተቀምጦ ስለ ዘመድ አሠራር ሲያማርር እንሰማዋለን። የተሰረቀ መልስ የገዛ ተማሪ በገንዘቡ አማላጅ ገዛ እንጂ ሌላ ምን አደረገ? አጎት ያለው በአጎቱ ይገባል፤ ገንዘብ ያለው በገንዘቡ ይገባል፤ ሁለቱም የሚቀድሙት ያንኑ ሰው ነው፤ ሌሊቱን በመብራት ያጠናውን ድሃውን ልጅ።

በመጨረሻ፣ እኛ ፈተናውን ካከበርን ፈታኙም እንዲያከብረው ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል። የምንጠይቀውም ብዙ አይደለም። የጽሑፉና የቃለ መጠይቁ ድርሻ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ከፈተናው በፊት ይነገረን፤ በጽሑፉ በር የተከለከለ አማላጅ በቃለ መጠይቁ መስኮት ሊገባ ይችላልና። የተፈታኙ ሁሉ ውጤት በመለያ ቁጥሩ በግልጽ ይለጠፍ፤ ያለፉት ስም ብቻ ሲወጣ የወደቀው በምን እንደ ወደቀ አያውቅም፤ ያላወቀም ሁልጊዜ ይጠረጥራል። ፈተናውም በአዲስ አበባ ብቻ አይሁን። የሕንዶቹን ነገር ያነሣሁት ለዚህ ነው። ለአንድ ሰዓት ፈተና ከጎንደር ወይም ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አልጋ ተከራይቶ ለመፈተን የማይችል ተመራቂ፣ ለእርሱ ለንደን አዲስ አበባ ናት።

ኅብረታችን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጽፎ በየዓመቱ ተመራቂ ለሚቀጥሩት ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ይላክ። መልስ የሰጠውንም ያልሰጠውንም በዚሁ መጽሔት ያስታውቀን። የማታው ትምህርት ግን የማንንም መልስ አይጠብቅም፤ ክፍሉ እስኪገኝ በዛፍ ሥርም ቢሆን ሊጀመር ይችላል። የመቶኛውን ሒሳብ ለማስረዳት እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ የተሳሳትሁበት ስለ ሆነ ከእንግዲህ አልረሳውም።