ለቦሎ ጎማ መዋዋስ ይቅርብን



መዋዋስ በሰፈራችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። ድስትም፣ መሰላልም፣ ወንበርም እንዋዋሳለን፤ ወደፊትም እንዋዋሳለን። አንድ ውሰት ግን ቢቀርብን ይሻላል እንላለን። እሱም የቤት መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ከጎረቤት መኪና ላይ ደህና ጎማ ፈትቶ ማሰርና፣ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ያንኑ ሙልጭ ያለ ጎማ መልሶ መግጠም ነው።

ይህ ጉርብትና ይመስላል እንጂ አይደለም። መርማሪው ያየው ጎማ ሌላ፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ጎማ ሌላ ነው። መርማሪ ይታለል ይሆናል፤ የክረምት አስፋልት ግን አይታለልም። የጎማ ጥርስ የተሠራው ለጌጥ ሳይሆን ውሃውን እንዲያሳልፍ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ውሃው መውጫ ያጣና ጎማውን ከመሬት ያነሳዋል። ያን ጊዜ ፍሬን ቢረገጥ መኪናው ቶሎ አይቆምም፤ መሪውም አይታዘዝም። ደግሞስ መኪናዋ የአንድ ቤት ብቻ ናት እንዴ? በሌሊት ምጥ የያዛት እናት የምትወሰደው፣ ለቅሶ የሚደረሰው በዚችው መኪና አይደል?

«ችግሩ የገንዘብ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የጎማ ዋጋ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ረከሰ ተብሎ ያገለገለ ጎማ መግዛትም ቁጠባ አይሆንም። ያለቀ ጎማ ላይ በጋለ ብረት ጥርስ እየቀረጹ አዲስ አስመስለው የሚሸጡ አሉ። እንዲህ ያለው ጎማ ላስቲኩ ስለሳሳ ውስጡ ያለው ሽቦ ሊወጣ ምንም አይቀረው። ያረጀ ጎማ ለበረባሶ ይሁን፤ ሰው ለመጫን አይሁን።

ስለዚህ ጎማ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የሚከተለውን ይመልከት።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ይግጠም። ለምሳሌ 185/70 አር 14 ቢል፣ 185 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ መቶ እጅ 70 መሆኑን ያሳያል፤ 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ትክክለኛው ቁጥርና የንፋሱ ልክ ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የተሠራበት ጊዜ ይታይ። ከጎማው ጎን በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ በአንዱ በኩል ከታጣ በሌላው በኩል ይፈለግ። 3524 ቢል በፈረንጅ አቆጣጠር የ2024 ዓመት 35ኛ ሳምንት ማለት ነው፤ በእኛ የ2016 ነሐሴ መጨረሻ ይሆናል። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው በፈረንጅ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና በነጻም ቢሰጥ አይወሰድ። ጎማ ሳይነዳ ቢቀመጥም ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፣ በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ወርዶ ከጉብታው እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ አልቋል ማለት ነው።

አራተኛ፣ አራቱን ለመግዛት አቅም ያጣ ከአራት ያገለገሉ ሁለት አዲስ ይግዛ። አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ። ብዙ ሰው ከፊት ያሳስራል፤ ነገር ግን በዝናብ የፊቱ ቢንሸራተት ነዳጅ ሲለቁለት መልሶ ሊይዝ ይችላል፤ የኋላው ከከዳ ግን መኪናው ዞሮ ይወጣል።

ለገንዘቡም መላ አለው። ለሠርግና ለዕቃ እቁብ የምንጥል ሰዎች ለጎማ መጣል አያቅተንም። መኪና ያላቸው አባላት በየወሩ እየጣሉ፣ ዕጣው ሁለት አዲስ ጎማ እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን። ጎማው ከሁሉ ይልቅ ያለቀበት ዕጣ ሳይጠብቅ ቀድሞ ቢወስድም መልካም ነው። ከፈቀዳችሁ በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ እንነጋገርበት፤ መግባት የምትፈልጉም ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ።

እስከዚያው ለቦሎ ጎማ እንድታውሱ የምትጠየቁ «ጎማውን አላውስህም፣ እቁቡን አብረን እንጣል» በሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ